ቴዎባልድ ስሚዝ፤ የጥጃን ደም የመረመረ ሊቅ

ላም በወለደች ሰሞን ከጡቷ የሚታለበው ወተት ከሌላው ጊዜ ወተት የተለየ መሆኑን በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። መልኩ ወደ ቢጫነት ያደላል፤ ወፍራም ነው፤ እሳት በነካውም ጊዜ እንደ ዕንቍላል ይረጋል። እኛም እንገር ብለን እንጠራዋለን። ይህ እንገር ለጥጃው ከምግብነት ሌላ ምን እንደሚጠቅመው በሙከራ ለይቶ ያሳየው ሰው ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን ከመካከላችን ፈጥኖ የሚመልስ ብዙ ሰው አይገኝም። ፓስተርንና ኮኽን በትምህርት ቤት ያልሰማ ተማሪ የለም። ቴዎባልድ ስሚዝን ግን የእንስሳት ሐኪሞችና የተሐዋስያን ጥናት ሊቃውንት እንደ አባታቸው ሲያከብሩት፥ ከሙያው ውጭ ያለነው ስሙን እንኳ የምንሰማው በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስሚዝ የተወለደው ጁላይ 31 ቀን 1859 ዓ. ም. በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፥ ኦልባኒ በምትባለው ከተማ ነው። ወላጆቹ ከጀርመን አገር የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ፤ አባቱ ልብስ ሰፊ ነበረ። በቤታቸው የሚነገረው ቋንቋ ጀርመንኛ ስለ ነበረ ልጁ ሁለቱንም ቋንቋዎች አጥርቶ አወቀ፤ ይህም በኋላ ምን ያህል እንደ ጠቀመው እናያለን። ፒያኖና ኦርጋን መምታት የተማረው በልጅነቱ ነበረ። በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያም በዩኒቨርሲቲው የጸሎት ቤት ኦርጋን እየመታ ለኑሮው የሚሆን ገንዘብ ያገኝ ነበር። በ1881 ዓ. ም. ከኮርኔል ተመረቀ፤ በ1883 ዓ. ም. ደግሞ ከኦልባኒ የሕክምና ትምህርት ቤት የሐኪምነት ማዕርግ ተቀበለ።

ሐኪም ሆኖ በሽተኛ ለማከም ግን ልቡ አልወደደም። የሁለት ዓመት ትምህርት አንድን ሰው በሌላው ሰው ሕይወት ላይ ለማዘዝ አያበቃውም የሚል ሐሳብ ነበረው ይባላል። በዚያው ወራት፥ ማለትም በ1884 ዓ. ም.፥ የአሜሪካ መንግሥት በግብርና ሚኒስቴር ሥር የእንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበርና፥ ስሚዝ በመምህሩ አማካይነት በዋሽንግተን ከተማ በዚህ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም። አለቃው ዶክተር ዳንኤል ሳልሞን የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነበረ።

እንግዲህ ወጣቱ ሠራተኛ የተሰጠው ሥራ ስለ ተሐዋስያን መመርመር ነበረ፤ ነገር ግን ይህን ጥበብ የሚያስተምረው ሰው በአጠገቡ አልነበረም። ሮበርት ኮኽ ተሐዋስያንን ነጥሎ የማብቀልን ዘዴ በጀርመን አገር ገና ማሳተም መጀመሩ ነበር። ስሚዝ በእናቱና በአባቱ ቋንቋ የተጻፉትን የኮኽን ጽሑፎች እያነበበ፥ የተነገረውን ሁሉ በእጁ እየሞከረ፥ እየተበላሸበትም እንደ ገና እየጀመረ ብቻውን ተማረ። ወደ አውሮፓ ሄዶ ከሊቃውንቱ እግር ሥር ለመማር ዕድል ያገኙት ብዙዎች ካደረጉት ይልቅ፥ ይህ ብቻውን የተማረ ሰው የሠራው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው ሥራው በዐሣማ መቅሠፍት ላይ ነበር። በ1885 ዓ. ም. ከታመሙ ዐሣማዎች አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ባክቴሪያ በሙቀት ገድሎ ለርግቦች ቢወጋቸው፥ ርግቦቹ ከዚያ በኋላ ሕያው የሆነውን ባክቴሪያ ለመቋቋም እንደሚችሉ አሳየ። የሞተ ተሐዋሲ በሽታን የመከላከል ኃይል ሊሰጥ መቻሉ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበረ። ጽሑፉ የወጣው ግን የሳልሞን ስም ቀድሞ፥ የስሚዝ ስም ተከትሎ ነው። በ1900 ዓ. ም. ለዚህ ባክቴሪያ ወገን ሁሉ ስም ሲወጣለት ሳልሞኔላ ተባለ። በተበከለ ምግብ የሚመጣ በሽታ በተነሣ ቍጥር ስሙን የምንሰማው ሳልሞኔላ በማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ ባገኘው በሠራተኛው ስም ሳይሆን፥ በአለቃው ስም ይጠራል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

በእውነቱ ደግሞ ስሚዝም ሳልሞንም ተሳስተው ነበር። የዐሣማውን መቅሠፍት የሚያመጣው ይህ ባክቴሪያ አለመሆኑን፥ በጣም ረቂቅ የሆነ ቫይረስ መሆኑን ሌሎች የዚያው መሥሪያ ቤት ሰዎች በ1903ና በ1904 ዓ. ም. አረጋገጡ።

የስሚዝን ስም ከፍ ያደረገው ሥራ የመጣው ከዐሣማው በኋላ ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ከብት አርቢዎች መካከል ትልቅ ጭቅጭቅ ነበረ። ከደቡብ፥ ይልቁንም ከቴክሳስ የሚነዱት ከብቶች ጤነኞች ነበሩ። ነገር ግን እነርሱ ያለፉበትን ሣር የጋጠ የሰሜን ከብት ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ በብርቱ ትኩሳት ይያዛል፤ ሽንቱ ደም ይመስላል፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ይሞታል። እንግዳው በጤና ሲሰነብት ባለ አገሩ ይሞታል ማለት ነው። የሰሜን ገበሬዎች ጠመንጃ ይዘው መንገድ እስከ መዝጋት ደረሱ፤ ክፍላተ ሀገሩም የቴክሳስን ከብት የሚከለክል ሕግ አወጡ። ከብት ነጂዎቹ ምክንያቱ መዥገር ነው ይሉ ነበር። የተማሩት ሰዎች ግን ይህ የባላገር ወሬ ነው ብለው ናቁት።

ስሚዝ አልናቀውም። በ1889 ዓ. ም. በጋ፥ ከእንስሳት ሐኪሙ ከኪልቦርን ጋራ በዋሽንግተን አጠገብ በነበረው የመሥሪያ ቤቱ የሙከራ ስፍራ ሜዳውን በአጥር ከፋፈሉት። በአንደኛው አጥር ውስጥ መዥገር ያለባቸውን የደቡብ ከብቶች ከሰሜን ከብቶች ጋራ አኖሩ። በሁለተኛው ውስጥ እንዲሁ አደረጉ፤ ነገር ግን ከደቡቦቹ ከብቶች ላይ መዥገሩን በእጅ እየለቀሙ አስወገዱ። ይህ በበጋ ሙቀት ከብት ላይ አጐንብሶ አንድ በአንድ መልቀም ምን ያህል አሰልቺ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በሦስተኛው አጥር ውስጥ የደቡብ ከብት የሚባል ሳይገባ መዥገር ብቻ ሣሩ ላይ በተኑ። በአንደኛውና በሦስተኛው ውስጥ ያሉት የሰሜን ከብቶች ታመሙ፤ መዥገሩ በተለቀመበት በሁለተኛው ውስጥ ያሉት ደኅና ሆኑ። ባላገሮቹ እውነት ተናግረው ኖሯል።

ነገር ግን ስሚዝ በዚህ አልቆመም። ከመዥገር ዕንቍላል በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጫጩት መዥገሮችን አስፈልፍሎ፥ አንድም ቀን የታመመ ከብት ያልነኩትን እነዚህን ደቃቃ ፍጥረቶች በጤነኛ ጊደር ላይ አኖራቸው። ጊደሯ ታመመች። በደሟም ውስጥ፥ በቀዩ የደም ሕዋስ መካከል፥ እንደ ዕንባ ጠብታ የሾለ ጥንድ ጥንድ የሆነ ጥገኛ ተሐዋሲ ታየ። እንግዲህ እናቲቱ መዥገር በሽታውን በዕንቍላሏ በኩል ለልጆቿ ታወርሳለች ማለት ነው። የሥራው ዘገባ በ1893 ዓ. ም. ታተመ፤ ሦስት መቶ ገጽ ያህል ነበረ። ስሚዝ ከዚህም ጋራ፥ በደቡብ የሚወለዱ ጥጆች በሽታው በሕፃንነታቸው ሲነካቸው ቀለል እንደሚልላቸውና ከዚያ በኋላ እስከ ሽምግልና እንደሚቋቋሙት አስተዋለ። የደቡቡ ከብት ጤነኛ ሆኖ የሰሜኑን የሚገድልበት ምሥጢር ይህ ነበረ።

ነፍሳት በሽታን ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው እንደሚያስተላልፉ በዚህ ሥራ በግልጽ ከተረጋገጠ በኋላ፥ በ1897 ዓ. ም. ሮናልድ ሮስ በወባና በትንኝ ላይ፥ በ1900 ዓ. ም. ደግሞ ዋልተር ሪድ በኩባ በቢጫ ወባ ላይ የሠሩት ተከታተለ። አሜሪካኖች በ1906 ዓ. ም. ከብቱን ሁሉ በመድኀኒት ገንዳ እየነከሩ በመዥገሩ ላይ ዘመቱ፤ በ1943 ዓ. ም. ከሜክሲኮ ወሰን አጠገብ ካለው ቀጭን መሬት በቀር አገራቸውን ከእርሱ አጸዱ።

በ1895 ዓ. ም. ስሚዝ ከዋሽንግተን ወደ ማሳቹሴትስ ተዛወረ፤ በዚያም ለዲፍቴሪያ በሽታ የሚሆን መድኀኒት የሚዘጋጅበትን የክፍለ ሀገሩን ላቦራቶሪ ይመራ፥ በሃርቫርድም ያስተምር ጀመር። የዚህን ዘመን ሥራ ሁሉ ለመዘርዘር ገጹ አይበቃንም። አንዱ ብቻ ይጠቀስ። በ1898 ዓ. ም. የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያና የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ። ኮኽ በ1901 ዓ. ም. በሎንዶን ጉባኤ ላይ ይህን ልዩነት ይዞ፥ እንግዲያማ የከብቱ ነቀርሳ ለሰው ብዙም አያሠጋም ወደ ማለት ሄደ። ስሚዝ ግን መለያየታቸው የከብቱን ወተት ንጹሕ አያደርገውም ብሎ ከዚያ ድምዳሜ ተጠነቀቀ። በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሲዮን ለብዙ ዓመት መርምሮ፥ የከብቱ ባክቴሪያ በወተት በኩል ሰውን፥ ይልቁንም ሕፃናትን እንደሚይዝ አረጋገጠ። ሊቁ ኮኽ፥ ስሚዝን ያስተማሩት ጽሑፎች ባለቤት፥ በዚህ ነገር ተሳስቶ ነበር።

በዚያው በማሳቹሴትስ ሳለ ስሚዝ የዲፍቴሪያን መርዝ እንዲቋቋሙ የተደረጉ ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት የወለዷቸውን ልጆች መረመረ። ልጆቹም የእናቶቻቸውን የመከላከል ኃይል ለጊዜው ወርሰው አገኛቸው፤ ጽሑፉን በ1907 ዓ. ም. አወጣ። ከእርሱ በፊት በ1892 ዓ. ም. ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ የአይጥ ልጆች ይህን ኃይል ከእናታቸው ወተት ሊያገኙ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር፥ በሽታም ይሁን መከላከያ፥ የስሚዝን ልብ ከመዥገሩ ዕንቍላል ጀምሮ እንደ ያዘው ይመስለኛል።

የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም በኒው ዮርክ ሲመሠረት አለቃ እንዲሆን ተለምኖ እንቢ ብሎ ነበር። በ1915 ዓ. ም. ግን ያው ተቋም በኒው ጀርሲ፥ በፕሪንስተን የእንስሳት በሽታ ክፍል ሲከፍት ዳይሬክተርነቱን ተቀበለ፤ ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ነበረ። ሌላው ሰው ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ እርሱ ወደ ላሞች በረት ተመለሰ።

በላሞች በረት ውስጥ የከብት አርቢዎችን ልብ የሚሰብር አንድ ነገር ነበረ። ጥጃው ደኅና ሆኖ ይወለዳል፤ ይቆማል፤ ይጠባል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጭ ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ ዐይኑ ይጐደጕዳል፤ ይወድቃል፤ በማግሥቱ ይሞታል። የሞተው ጥጃ ሲከፈት በደሙና በጉበቱ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ባሲለስ ኮላይ ይባል የነበረው ነው፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ትልቅ ከብት አንጀት ውስጥ አለ ምንም ጉዳት የሚኖር ተራ ተሐዋሲ ነው። ታዲያ እናቲቱን የማይነካ ልጇን ስለምን ይገድላል?

ስሚዝና የሥራ ባልደረባው ራልፍ ሊትል ነገሩን እንደ መዥገሩ ሜዳ ከፈሉት። አንዳንዶቹን ጥጆች ከእናታቸው ጡት እንገር እንዲጠቡ አደረጉ። ሌሎቹን እንደ ተወለዱ፥ ገና ሳይጠቡ፥ ከእናታቸው ለይተው የሌላ ላም ተራ ወተት ሰጧቸው። ወተት ምግብ ነው፤ በምግብ ረገድ የጐደለባቸው ነገር አልነበረም። ነገር ግን እንገር የጠቡት ሲተርፉ፥ ካልጠቡት የሚበዙት በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቱ፤ በሟቾቹም አካል ውስጥ ያ ተራ ባክቴሪያ ተስፋፍቶ ተገኘ። በ1922 ዓ. ም. ይህን ባሳተሙ ጊዜ የደረሱበት ሐሳብ ግልጽ ነበረ። እንገር ጥጃውን የሚጠብቀው በኋላ ዕድሜው ከማይጐዱት ከተራ ተሐዋስያን ነው፤ ጥበቃውም የጥጃው የራሱ ኃይል ሥራ እስኪጀምር ድረስ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ እንገር ላጡ ጥጆች የላም ደም ሴረም፥ ማለትም ደም ሲረጋ የሚቀረው ጥሩ ውሃ፥ በበቂ መጠን ቢሰጣቸው የእንገሩን ቦታ ሊይዝ እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ በእንገር ውስጥ ያለው ጠባቂ ነገር በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ነው ማለት ነው።

ይህን ከጥጃው ደም ላይ ያነበቡት የዚያው ክፍል ሰዎች ናቸው። ሊትልና ማሪዮን ኦርከት የምትባል ተመራማሪ ውርጃ በሚያመጣ ባክቴሪያ የተያዙ ላሞችን ተከታተሉ። የእነዚህ ላሞች ደም ያን ባክቴሪያ የሚያጣብቅ መከላከያ ነበረው፤ በእንገራቸውም ውስጥ በብዛት ይገኝ ነበር። ጥጃው በተወለደ ሰዓት፥ ሳይጠባ ደሙ ሲመረመር ግን ከዚህ መከላከያ አንዳች የለበትም። እንገሩን ከጠባ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በደሙ ውስጥ ታየ። ፖል ሃው ከኦርከት ጋራ ሆኖ የደሙን ፕሮቲኖች ቢመዝን፥ ግሎቡሊን የሚባለው የፕሮቲን ዐይነት በጥጃው ደም ውስጥ የሚበዛው መከላከያው ከሚታይበት ጊዜ ጋራ አብሮ ሆነ። የጥጃን የመከላከል ኃይል በደሙ ፕሮቲን መጠን የመለካት ሐሳብ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የላሟ የእንግዴ ልጅ አሠራር ነው። የሰው ልጅ በማኅፀን ሳለ የእናቱ መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ደሙ ይገባለታል። የላም የእንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ባዶ እጁን ነው፤ ስንቁ በእናቱ ጡት ውስጥ ይጠብቀዋል። የስንቁ በር ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይከፈታል። አዲስ የተወለደ ጥጃ አንጀት እነዚያን ትላልቅ ፕሮቲኖች ሳይፈጭ እንዳሉ ወደ ደም ያስገባቸዋል፤ ነገር ግን ይህ ችሎታው በየሰዓቱ እየቀነሰ ሄዶ፥ ሃያ አራት ሰዓት ያህል ሲሞላው ይዘጋል። በማግሥቱ የጠባው እንገር ለሆዱ ይጠቅመዋል እንጂ ወደ ደሙ አይገባም። በእሳት የረጋ እንገርም እንዲሁ ነው፤ ለሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ ለጥጃው ግን የመከላከያ ኃይሉ በሙቀት ጠፍቷል።

ዛሬ በትልልቅ የወተት እርሻዎች የሚደረገው ቍጥጥር ከዚያ ከፕሪንስተን ምርመራ የተወለደ ነው። ጥጃው ከተወለደ ከአንድ ቀን በኋላ እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጥቂት ደም ይቀዳል፤ ሴረሙ ይለያል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ሪፍራክቶሜትር በሚባል በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ ይደረጋል። መሣሪያው ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደ ጐበጠ ያሳያል፤ ከዚያም የፕሮቲኑ መጠን ይታወቃል። በአንድ ዴሲሊትር ሴረም ውስጥ ከ5.2 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ከተገኘ ጥጃው እንገሩን በጊዜው አግኝቷል ይባል ነበር። ዋናው መከላከያ፥ ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ የሚባለው፥ በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ ከ10 ግራም ካነሰ ደግሞ ጥጃው እንዳላገኘ ይቈጠራል። በ2020 ዓ. ም. የአሜሪካ ባለ ሙያዎች ይህ አንድ ወሰን አይበቃም ብለው ጥጆችን በአራት ደረጃ ከፈሏቸው፤ ከፍተኛው ደረጃ 25 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። በአንድ በረት ካሉት ጥጆች ከመቶ አርባ የሚበልጡት በዚህ ደረጃ እንዲገኙ፥ ከ10 ግራም በታች የሆኑትም ከመቶ ዐሥር እንዳይሞሉ ይመክራሉ። አንድ ጥጃ ብቻ መርምሮ መፍረድ አይገባም፤ በትልቅ በረት ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ጥጆች ይመረመራሉ። ውጤቱ የሚገልጸው የጥጃውን ዕድል ብቻ አይደለምና፤ በሌሊት ላሟ ስትወልድ እንገሩን በሰዓቱ የሚሰጠው ሠራተኛ ነቅቶ ወይም ተኝቶ እንደ ነበርም ከደሙ ይነበባል።

ስሚዝ ዝምተኛ፥ ከሰው ጋራ ቶሎ የማይላመድ፥ ስለ ራሱ መናገር የማይወድ ሰው ነበረ። ሲደክመው ፒያኖ ይመታል፤ ለመዝናናትም የሒሳብ ጥያቄ ይፈታል። በ1888 ዓ. ም. ሊሊያን ኤግልስተንን አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ወልዷል። በ1929 ዓ. ም. ከዳይሬክተርነቱ ቢወርድም ምርመራውን አልተወም። በ1933 ዓ. ም. የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ከፍተኛ ሽልማቱ የሆነውን የኮፕሊን ሜዳልያ ሰጠው። ስለ ጥገኛ ተሐዋስያንና ስለ በሽታ የጻፈው መጽሐፍ በ1934 ዓ. ም. ታተመ።

የኖቤልን ሽልማት አላገኘም። በየዓመቱ ዲሴምበር 10 ቀን ይህ ሽልማት በስቶክሆልም ይሰጣል፤ ቴዎባልድ ስሚዝም በሰባ አምስት ዓመት ዕድሜው በኒው ዮርክ ያረፈው ዲሴምበር 10 ቀን 1934 ዓ. ም. ነው።